ዱረም ስንዴ ጨው ላይ ለምን ይሸነፋል? የሶዲየም ጂኖች የት እንደሚሠሩና እንዴት እንደሚፈተሹ

አዋሽ_ዳር (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁም። በመካከለኛው አዋሽ በመስኖ ለሚለማ ጨዋማ መሬት የሚሆን ዱረም ስንዴ (የፓስታ ስንዴ) ለመምረጥ በተጀመረ ሙከራ ላይ ሦስት ነገሮች አልገጥም ብለዋል።

አንደኛ፣ በፔትሪ ዲሽ 150 ሚሊሞላር ጨው ውስጥ በደንብ የበቀሉት ዘሮች ፖት ላይ ሲዘሩ የመጨረሻውን ደረጃ ያዙ። እዚያ የወደቁት ደግሞ እዚህ ቀደሙ። ሁለተኛ፣ ለማነጻጸሪያ የገባው የዳቦ ስንዴ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ሶዲየም ከዱረሞቹ ሁሉ እጅግ ያነሰ ነው። ይህን ከየት አመጣው? ሦስተኛ፣ ናክስ1 የሚባለውን ጂን ይዟል የተባለ የዱረም መስመር ከሌሎቹ ብዙም የተለየ የሶዲየም መጠን አላሳየም። ናሙናው ከአፈር በላይ ያለው ቡቃያ ሙሉውን ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ አንድ ላይ ተፈጭቶ ነው የተለካው።

ከሁሉም ጀርባ ያለው ጥያቄ ይህ ነው። በባሕር ጠረፍና በጨው ሐይቅ ዙሪያ የሚበቅሉ ተክሎች ጨውን በተፈጥሮ ችለውታል። ሌላው ተክል የሌለው አዲስ ጂን አግኝተው ነው ወይስ የነበረውን ጂን አሠራር ለውጠው?

ዘር_አዳቃይ፦

ከሁለተኛው ልጀምር፤ እሱ ሌሎቹንም ይፈታል። ዱረም 28 ክሮሞሶም ነው ያለው፣ ኤ እና ቢ የሚባሉ ሁለት ጂኖሞች። የዳቦ ስንዴ 42 አለው። ትርፎቹ 14 ክሮሞሶሞች ዲ ጂኖም ይባላሉ፣ የመጡትም ኤጂሎፕስ ታውሺ ከምትባል የዱር ሣር ነው። ከ8 እስከ 10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ኤ እና ቢ ያለው ስንዴ ከዚህች ሣር ጋር በራሱ ተዳቅሎ የዳቦ ስንዴ ተገኘ። በ4ዲ ክሮሞሶም ረጅም ክንድ ላይ ክና1 የሚባል ቦታ አለ፤ እዚያ የሚሠራው ጂን ኤችኬቲ1;5 ነው። የዳቦ ስንዴያችሁ ቅጠሉን ከሶዲየም የጠበቀው በዚህ ነው። ዱረም ዲ ጂኖም ስለሌለው ይህ መከላከያ የለውም።

ፕሮቲኑ የሚቀመጠው ሥር ውስጥ ነው፤ ዛይለምን፣ ማለትም ውሃን ወደ ላይ የሚወስደውን ቧንቧ፣ ከብበው ባሉት ሕዋሳት ሽፋን ላይ። ወደ ቅጠል ሊወጣ የተሳፈረውን ሶዲየም ከቧንቧው ስቦ ወደ ሥር ሕዋስ ይመልሰዋል። ይህን ቦታ አደራ ልብ በሉልኝ፤ የቀረው ሁሉ በእሱ ላይ ነው የተንጠለጠለው።

ፔትሪ ዲሽ ያሳሳታችሁም ለዚህ ነው። ገና በሚበቅል ዘር ላይ ቅጠል የለም፣ ትነት የለም፣ በዛይለም የሚወጣ ውሃም የለም ማለት ይቻላል። ኤችኬቲ የሚሠራው ሥራ የለውም። እዚያ የሚለካው የዘሩ ትልቅነት፣ የስንቁ ብዛትና በጨው ውሃ ውስጥ ውሃ የመሳብ ጉልበቱ ነው። ዱረም ደግሞ ፍሬው ትልቅ ስለሆነ ብዙ ጊዜ በዚህ ፈተና ያምራል። ለዚህ ዓላማ ፔትሪ ዲሽን ሙሉ በሙሉ ተዉት፤ መረጃውን ከፖቱ ጋር አማካኝ ለማውጣት እንኳ አትሞክሩ።

ሦስተኛው ችግር ናሙና አወሳሰዳችሁ ላይ ነው። ናክስ የሚባሉት ጂኖች ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም የመጡት ባለ 14 ክሮሞሶም ከሆነው ጥንታዊ ስንዴ ከትሪቲከም ሞኖኮከም ነው። አውስትራሊያ ውስጥ የዋግ መቋቋሚያ ወደ ዱረም ለማስገባት ከተደረገ ማዳቀል የተገኘ መስመር 149 የሚባል ዱረም ነበር፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲፈተሽ የሶዲየም ጂኖቹም አብረው ገብተው ተገኙ። ናክስ1 በ2ኤ ክሮሞሶም ላይ ያለ ኤችኬቲ1;4 ነው፤ ናክስ2 በ5ኤ ላይ ያለ ኤችኬቲ1;5፣ ማለትም የክና1 የሥጋ ዘመድ። ናክስ2 ሥር ውስጥ ይሠራል። ናክስ1 ግን ሥር ውስጥም፣ በቅጠሉ ሰገባ ውስጥም ይሠራል፤ አገዳውን አቅፎ የያዘው የቅጠሉ የታችኛው ክፍል ሶዲየሙን ይይዝና ወደ ላይኛው ሰፊ ክፍል እንዳያልፍ ያደርጋል። እናንተ ሰገባውንና ቅጠሉን አንድ ላይ ስትፈጩ ጂኑ የለየውን መልሳችሁ ቀላቀላችሁት። መስመሩን አትጣሉት፣ ለይታችሁ እንደገና ለኩት።

መስመሩ በእርግጥ ጂኑን መያዙንም በዲኤንኤ አረጋግጡ። ለናክስ1 ቅርብ የሆነው ማርከር (ከጂኑ አጠገብ ያለ መለያ የዲኤንኤ ምልክት) ጂደብሊውኤም312 ነው። ለናክስ2 ግን ጂኑን ራሱን በፒሲአር (ዲኤንኤ በሚያባዛ ዘዴ) የሚያበዛ ፕራይመር፣ ማለትም የማባዣ መነሻ የሆነ አጭር ዲኤንኤ፣ መጠቀም ይሻላል፤ ዱረም በዚያ ቦታ ላይ ጂኑ ስለሌለው ባንድ (የተባዛው ዲኤንኤ መስመር) መታየቱ ወይም አለመታየቱ ይበቃል። ባንድ ሲጠፋ ግን ፒሲአሩ ከሽፎ እንዳይሆን በዚያው ቱቦ ውስጥ ሌላ የማይጠፋ ጂን አብሮ ይሠራ። በዚህ ዓይነት ማርከር አንድ ቅጂና ሁለት ቅጂ ያለው ተክል እንደማይለይም አስቡ፤ ልጆቹን ዘርቶ ማየት ያስፈልጋል።

ወደ እናንተ ምርጥ ዝርያ ለማስገባት ካሰባችሁ ቁጥሩ ይህን ይመስላል። ሁለቱንም ጂኖች የያዘ ተክል በየመልሶ ማዳቀሉ (ልጁን ከምርጥ ዝርያው ጋር እንደገና በማዳቀል) ከ4 አንድ ነው፤ ቢያንስ አንዱን በ95% እርግጠኝነት ለማግኘት 11 ተክል መመርመር ያስፈልጋል። ከሦስት ጊዜ መልሶ ማዳቀል በኋላ በአማካይ 93.75% የምርጥ ዝርያው ይመለሳል። በመጨረሻ በራሱ ሲዳቀል ሁለቱንም በድርብ የያዘ ከ16 አንድ ስለሆነ 47 ተክል ይፈልጋል። ይህ ዝቅተኛው ነው፣ ለቁመናም ለመምረጥ ካሰባችሁ እጥፍ አድርጉት። የሞኖኮከም ክሮሞሶም ከዱረሙ ጋር በቀላሉ ስለማይቆራረጥ ረጅም ቁራጭ ተያይዞ ይመጣል፤ በጂኑ ግራና ቀኝ ያሉ ማርከሮችን ካልተከታተላችሁ የማትፈልጉት ባሕርይ ተጎትቶ ይገባል።

ትርፉን በተመለከተ፣ ናክስ2 ያለው ዱረም ጨዋማ ማሳ ላይ ጂኑ ከሌለው ወንድሙ 25% ያህል የበለጠ ፍሬ እንደሰጠ በ2012 ታትሟል። ከአንድ ጂን ይህን ያህል ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

ሕዋስ_ተመልካች፦

ወንድሜ ዘር_አዳቃይ ስለ ቦታ ያሉት ትክክል ነው፤ እኔ ትእዛዙ ከየት እንደሚመጣ ልጨምር።

በደንብ የተጠናው በአራቢዶፕሲስ፣ የጎመንና የሰናፍጭ ዘመድ በሆነች ትንሽ ተክል ላይ ነው። ሶዲየም ሥሩን ሲነካ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ያለ ጂአይፒሲ የሚባል የስብ ዓይነት ይይዘዋል (ይህ የታወቀው በ2019 ነው)፤ በሰኮንዶች ውስጥ የካልሲየም መጠን በሕዋሱ ውስጥ ከፍ ይላል። ካልሲየሙን ኤስኦኤስ3 የተባለ ፕሮቲን ይይዝና ኤስኦኤስ2 የተባለውን ኢንዛይም ይቀሰቅሳል። ሁለቱ ሆነው ሽፋኑ ላይ ያለውን ኤስኦኤስ1ን ፎስፌት ያስሩበታል። ኤስኦኤስ1 ረጅም ጅራት አለው፤ ጅራቱ ራሱን ቆልፎ ይይዘዋል። ፎስፌቱ ሲታሰርበት ቁልፉ ይፈታና አንድ ሃይድሮጅን አስገብቶ አንድ ሶዲየም ወደ ውጭ ያስወጣል። ከዚህ የተረፈውን ሶዲየም ኤንኤችኤክስ የሚባሉ ፕሮቲኖች ወደ ሕዋሱ ጎተራ፣ ወደ ቫኪዩል፣ ያስገቡታል።

ተክሉ ይህን መንገድ ሁልጊዜ ክፍት አያደርገውም፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሶዲየም ጉልበት ያስከፍላል። ጨው በሌለበት ጊዜ ጋይጋንቲያ የሚባል፣ የአበባ ጊዜን የሚቆጣጠር ፕሮቲን ኤስኦኤስ2ን ይዞ ያስቀምጠዋል። ጨው ሲመጣ ጋይጋንቲያ ይፈርሳል፣ ኤስኦኤስ2 ነፃ ይወጣል፣ አበባውም ይዘገያል። ጨው ላይ ያለ ተክል ማበቢያው የሚዘገይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

«ጂኑን አብዝቶ ማሠራት ይበቃል?» ለሚለው ከ2009 ሙከራ የበለጠ ግልጽ መልስ አላውቅም። ኤችኬቲ1;1 በአራቢዶፕሲስ ሥር እምብርት፣ ዛይለምን በከበቡት ሕዋሳት ብቻ እንዲበዛ ሲደረግ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ሶዲየም ከ37 እስከ 64% ቀነሰ። ያው ጂን በመላው ተክል እንዲበዛ ሲደረግ ግን ቅጠሉ ውስጥ ሶዲየም ጨመረ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ፕሮቲኑ ሶዲየምን ወደ ሕዋስ የሚያስገባ በር ነው። በሩ ዛይለም አጠገብ ሲሆን ሶዲየምን ከቧንቧው ያወጣል፤ በሥሩ ውጫዊ ቆዳ ላይ ሲሆን ግን ከአፈሩ ያስገባል።

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ። በአብዛኛው አዲስ ጂን አይደለም። እነዚህ ጂኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም ተክል አላቸው። ዝግመተ ለውጥ የነካው የት፣ መቼና ምን ያህል እንደሚሠሩ፣ አንዳንዴም የፕሮቲኑን ጥቂት ፊደላት ነው። ጨው የቻለው ኖና ቦክራ የተባለ ሩዝ ጨው ከማይችለው የጃፓን ኮሺሂካሪ ጋር ተዳቅሎ በ2005 የተገኘው ኤስኬሲ1 ያው ኤችኬቲ1;5 ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው የፕሮቲን ልዩነት አራት አሚኖ አሲድ ብቻ ነው። ጨው የሚችለው የፖካሊ ሩዝ ሳልቶል የሚባለው ቦታም በዚያው ክሮሞሶም 1 ላይ ነው። በቱርክ ቱዝ ሐይቅ ዙሪያ የምትበቅለው ሽሬንኪየላ ፓርቩላ ደግሞ ሌላ መንገድ ሄዳለች። የአራቢዶፕሲስ ዘመድ ናት፣ ግን አራቢዶፕሲስ አንድ ኤችኬቲ1 ብቻ ሲኖራት እሷ አባዝታዋለች። የሣር ዘር ሁሉ ሲታይ ጨው መቻል ከ70 ጊዜ በላይ ለየብቻው ተነስቷል። ነገሩ አዲስ ማሽን መፈልሰፍ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ጊዜ አይደጋገምም ነበር።

አንድ የሚያስገርም ነገር ግን አለ፣ ለእርስዎ ሥራም ቁም ነገር ነው። በባሕር ጠረፍ ከሚበቅሉት የአራቢዶፕሲስ ዓይነቶች አንዳንዶቹ ኤችኬቲ1 በሥራቸው ውስጥ የሚሠራው ደክሞ ነው። ቅጠላቸው ውስጥ ሶዲየም ይበዛል፣ ቢሆንም ይችሉታል። ገብስም ወደዚህ ያደላል፤ ቅጠሉ ላይ ብዙ ሶዲየም ይዞ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ ዝቅተኛ ሶዲየምን ብቸኛ መመዘኛ ካደረጉ፣ በሕዋስ ደረጃ የሚችሉትን የአገራችንን የዱረም አካባቢ ዝርያዎች ሳያዩ ይጥሏቸዋል። ሶዲየሙ ከፍ ብሎ ቅጠሉ ያልነጣ መስመር ካገኙ ለብቻው ያስቀምጡት። ናክስ ካለው ጋር የሚዳቀለው እሱ ነው፤ አንዱ በር ላይ ይከላከላል፣ ሌላው ያመለጠውን ይችላል።

አፈር_መርማሪ፦

ስለ ጂኑ የተባለው ጥሩ ነው። ማሳው ላይ ግን ጂኑ የሚከሽፍበትን ነገር ካላነሳን ጥፋት ነው።

ኤስኦኤስ1 የሚሠራው ሌላ ፓምፕ ሃይድሮጅንን ወደ ውጭ ሲገፋለት ነው፤ ያ ፓምፕ ኤቲፒ፣ ማለትም የሕዋሱን ነዳጅ፣ ይበላል፣ ኤቲፒ ለማምረት ደግሞ ሥሩ ኦክስጅን ያስፈልገዋል። በመካከለኛው አዋሽ ጨው የመጣበት ዋና መንገድ የውሃ ማፋሰሻ ሳይበጅ መስኖ ሲለቀቅ የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ማለቱ ነው። ጨውና ውሃ መተኛት አብረው ይመጣሉ። ሥሩ ሲታፈን ፓምፑ ይደክማል፣ ጥሩ ጂን ያለውም ተክል ሶዲየም ወደ ቅጠሉ በብዛት ይለቃል። ፖት ላይ የደመቀ መስመር ማሳ ላይ ከደበዘዘ መጀመሪያ ጉድጓድ ቆፍረው የውሃውን ጥልቀት ይለኩ። ከ1.5 ሜትር ከቀረበ ችግሩ ከዘሩ አይደለም።

ሁለተኛ፣ አፈርዎ ጨዋማ ነው ወይስ ሶዲየም የበዛበት? በሳቹሬትድ ፔስት (ውሃ እስኪጠግብ በተቦካ አፈር) የተለካ ኢሲ፣ ማለትም ጨውን የሚያሳይ የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ መጠን፣ ከ4 ዴሲሲመን በሜትር ካለፈ ጨዋማ ነው። ሊለዋወጥ የሚችለው ሶዲየም ከ15% ካለፈና ፒኤች ከ8.5 በላይ ከሆነ ሶዲክ ነው፤ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ ሲረጥብ ይላቁጣል። ናክስ የተሠራው ለመጀመሪያው ነው። በሁለተኛው ተክሉን የሚጎዳው ከፍተኛ ፒኤችና አየር ማጣት ጭምር ነው፣ የሚመለከተውም ጂን ይለያል። በ2023 ማሽላ ላይ የተገኘው ኤቲ1 እንዲህ ያለ ነው፤ ሥራው እንዲቆም ሲደረግ ተክሉ አልካላይን አፈርን የበለጠ ይችላል። ሶዲክ መሬት ላይ ደግሞ ጂፕሰም ሳይጨምሩ ንጹሕ ውሃ ካጠጡ ሸክላው ይበተንና ውሃ ማስረግ ያቆማል።

በተጨማሪ፣ ኢሲ ስትነጋገሩ በምን እንደተለካ ጻፉ። ብዙ ቤተ ሙከራ አንድ እጅ አፈር በአምስት እጅ ውሃ በጥብጦ ይለካል። ያ ቁጥር ወደ ፔስት ሲለወጥ ለከባድ ሸክላ በ6 ገደማ፣ ለአሸዋማ ከ10 በላይ ይባዛል። በውሃ ተበጥብጦ 1.5 የወጣ ሸክላ 9 ነው፤ «ጨው የለም» ተብሎ የሚዘራው እንዲህ ያለው ነው።

ለመጠኑ ያህል፣ የዳቦ ስንዴ ምርቱ መቀነስ የሚጀምረው በፔስት ኢሲ 6 ላይ ነው፣ ከዚያ በየአንዱ ዴሲሲመን 7.1% ይወርዳል። ገብስ እስከ 8 ይቆያል፣ ከዚያ በ5% ይወርዳል። 12 ላይ ገብስ 20%፣ ስንዴ 43% ገደማ አጥቷል። 12 ለደረሰ መሬት ገብስ ወይም ጥጥ መዝራት ማንም ጂን ከሚያመጣው ለውጥ ይበልጣል።

አዋሽ_ዳር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሰገባው ጉዳይ በፍጹም አልታየንም ነበር። የፖቱን ፈተና እንደገና ለመጀመር ትክክለኛውን አካሄድ ከነመጠኑ ብትነግሩኝ። ደረቅ ጨው አንዴ ነው የምናፈሰው፣ 150 ሚሊሞላር ድረስ። ቤተ ሙከራው ውስጥ ፍሌም ፎቶሜትር (ሶዲየምና ፖታሺየምን በነበልባል የሚለካ ማሽን) አለ።

ዘር_አዳቃይ፦

አንዴ ማፍሰሱን ተዉት። በአንድ ጊዜ 150 ሲገባ ሕዋሱ ውሃውን በድንገት ያጣና ይኮማተራል፤ ያኔ የምትለኩት ድንጋጤውን ነው። በአፈር ፋንታ የታጠበ ጠጠር ወይም ሸካራ አሸዋ ተጠቀሙ፣ በግማሽ ጥንካሬ የሆግላንድ ውሃ (የተክል ምግብ ማዕድናት የሟሙበት) እየመገባችሁ። ሁለተኛው ቅጠል ተዘርግቶ ሲያልቅ በጠዋትና በማታ 25 ሚሊሞላር ጨምሩ፤ ይህም በሊትር 1.46 ግራም ነው፤ የገበታ ጨው ሳይሆን ንጹሕ ሶዲየም ክሎራይድ ይሁን። በሦስት ቀን 150 ይደርሳል፣ ድምሩ በሊትር 8.77 ግራም። ናክስ ያለውንና የሌለውን ለመለየት ብቻ ከሆነ 50 ላይ ማቆም ይበቃል፤ እንዲያውም ልዩነቱ እዚያ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል።

ካልሲየም አትርሱ። ለ15 ሶዲየም 1 ካልሲየም፤ ለ150 ሚሊሞላር በሊትር 1.47 ግራም ባለ ሁለት ውሃ ካልሲየም ክሎራይድ፣ እንደ ጨው ሁሉ በየጊዜው እየተከፋፈለ። ካልሲየም ካነሰ ሶዲየሙ ሽፋኑ ላይ ያለውን ካልሲየም ይተካና ፖታሺየም ከሥሩ ይንጠባጠባል፤ ሁሉም መስመር ደካማ ይመስላል።

ሦስተኛው ቅጠል ብቅ ያለበትን ቀን በእያንዳንዱ ተክል ላይ ባለ ቀለም ክር አስራችሁ መዝግቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልክ በ10ኛው ቀን ቁረጡ፣ ተክሎቹ በአንድ ቀን ባይደርሱም። ሶዲየም በቅጠሉ ላይ በየቀኑ ስለሚጠራቀም የሦስት ቀን ልዩነት የጂኑን ልዩነት ይውጠዋል። ቅጠሉ ከሰገባው የሚገናኝበት ቦታ ላይ ትንሽ ነጭ ምላስና ሁለት ጆሮ መሰል ነገር ታያላችሁ፤ እዚያው ላይ ቆርጣችሁ ሰገባውን በሌላ ከረጢት አድርጉ። ጓንት ልበሱ፣ የእጅ ላብ ራሱ ጨው ነው። በተጣራ ውሃ አንዴ አለቅልቃችሁ በ70 ዲግሪ ሁለት ቀን አድርቁ።

50 ሚሊግራም ደረቅ ቅጠል በ10 ሚሊ ሊትር 0.5 ሞላር ናይትሪክ አሲድ ውስጥ (በሊትር 32 ሚሊ ሊትር ገደማ የ70% አሲድ፣ አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመር) በ80 ዲግሪ አንድ ሰዓት። ቱቦው ፕላስቲክ ይሁን፤ ብርጭቆ ሶዲየም ይለቃል። ምንም ቅጠል የሌለበት ባዶ ቱቦም አብራችሁ አሂዱ። ስሌቱ፦ 23 ሚሊግራም በሊትር ሶዲየም 1 ሚሊሞላር ነው። ማሽኑ 23 ካነበበ በ10 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ 10 ማይክሮሞል አለ፣ ለ0.05 ግራም ሲካፈል 200 ማይክሮሞል በግራም። ከማንበባችሁ በፊት ካቀጠናችሁ በብዜቱ አባዙ። ፖታሺየሙንም ከዚያው ቱቦ አንብቡ፤ ሶዲየም ዝቅ ብሎ ፖታሺየም ከፍ ያላለ ከሆነ ናሙናው ላይ ስህተት ሊኖር ስለሚችል ደግማችሁ አረጋግጡ።

ባዮማስን (የተክሉን ክብደት) በ7ኛው ቀን መዝናችሁ እንዳትወስኑ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት መቀጨጭ ከውሃ እጦት የመጣ ነው፣ በሁሉም ላይ ተመሳሳይ ነው ማለት ይቻላል። ሶዲየም በቅጠል ተጠራቅሞ ልዩነት የሚፈጥረው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ የሚነጣው የአሮጌ ቅጠል ጫፍ ነው።

ሕዋስ_ተመልካች፦

የጂኑን አሠራር በአርኤንኤ መለካት ካሰባችሁ አንድ ነገር ብቻ። ሥሩን ሙሉውን አትፍጩ፤ ጂኑ የሚሠራባቸው ሕዋሳት ጥቂት ስለሆኑ በሌላው ይቀጥናሉ። የሥሩን ቆዳ ከእምብርቱ መላጥ ከቻላችሁ እምብርቱን ብቻ ውሰዱ። ናሙናውንም ሁልጊዜ በቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ውሰዱ፤ ጋይጋንቲያና ሌሎችም በሰዓት የሚሠሩ ስለሆኑ የጠዋቱና የከሰዓቱ አይወዳደሩም።

አፈር_መርማሪ፦

ወደ ማሳ ስትወጡ ደግሞ ጨው አንድ ወጥ ሆኖ እንደማይተኛ አስቡ፤ በአምስት ሜትር ርቀት ኢሲው እጥፍ ሊሆን ይችላል። በየአምስተኛው ፕሎት ያንኑ የማነጻጸሪያ ዝርያ ዝሩ። ከእያንዳንዱ ፕሎት ከ0 እስከ 30 እና ከ30 እስከ 60 ሴንቲሜትር ለየብቻ፣ አንዴ በዘር ጊዜ አንዴ በማበቢያ፣ አፈር ውሰዱ። ምርቱን ስትተነትኑ የፕሎቱን የራሱን ኢሲ አስገቡ እንጂ የማሳውን አማካይ አታስገቡ።